በግማሽ ጆሮ የተነሳ ፎቶግራፍ

ቧንቧ ሠራተኛውን ሰፈርተኛው ሁሉ «አውቃለሁ» እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ዳሩ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚነገረው ሁሉ «አውቃለሁ» እያለ ሲመልስ ስሙ አርጅቶ ሞተና መልሱ ስም ሆኖ ቀረ። «ዝናብ ሊመጣ ነው» ሲሉት «አውቃለሁ»፤ «ሱሪህ ተቀዷል» ሲሉት «አውቃለሁ»። አንድ ቀን መሰላል ላይ ቆሞ «ኧረ መሰላሉ ተንሸራተተ!» ብለው ቢጮኹበት «አው…» እንዳለ አየር ላይ ተገኘ። «…ቃለሁ»ን የጨረሳት መሬት ከደረሰ በኋላ ነው ይባላል። ሰፈርተኛውም ይህን እያወራ ሲስቅ ኖረ። ጥፋት ሲሳቅለት እንደሚያድግ ማን ልብ ብሎ!

በሙያው ግን አይታማም። የሚያፈስ ቧንቧ የእሱን ኮቴ ሲሰማ በድንጋጤ ይደርቃል ይሉለታል። እሱም ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱ ራሱ ሊጠግን ሞክሮ ያበላሸው ቧንቧ ሲያይ፣ «ግማሽ የሚያውቅ ሰው ቤት ያሰምጣል!» እያለ ይቆጣል። የሰው ጉድፍ መቼ ያመልጠናል።

ታዲያ አንድ ደንበኛው አገር ሲለቅ ዲጂታል ካሜራ ትቶለት ሄደ፤ ከነመመሪያ መጽሐፉ። መመሪያውን የሚወዛወዘው አልጋው እግር ሥር ወተፈው፤ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት መቶ ፎቶ አነሳ። ከነዚያ መካከል ራስ የሌለው ውሻ አለ። ሲሮጥ የተነሳና እንደ ጭስ የተጎተተ ሕፃን አለ። በቀትር ተነስታ በእኩለ ሌሊት የመብራት መጥፋት የደረሰባት የምትመስል የጎረቤት ሴት አለች።

«ልጁ ለምን እንዲህ ተጎተተ?» ሲሉት፣

«ፈጣን ልጅ ነው! የእኔ ካሜራ ፍጥነት ያሳያል።»

«ሴትየዋስ ለምን ጠቆረች?»

«ይህ ጥበብ ነው። አንተ አይገባህም።»

በሰፈሩ መንገድ ላይ ለመታወቂያና ለማመልከቻ የሚሆን ጉርድ ፎቶ የምታነሳ ሴት አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን እንዲቀመጥ ስትለምን የኖረች፣ ትዕግሥቷ ከድንጋይ የሚበልጥ ሴት ናት። የእጅ መታጠቢያዋ ተደፍኖባት አስጠራችውና እየሠራ ፎቶዎቹን አሳያት። መነጽሯን አውርዳ አየች፤ ጭና አየች፤ መልሳ አወረደች።

«ወንድሜ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ካሜራውን አንድ ነገር ላይ አሳርፈው…»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ስማኝ እንጂ፣ የማይነቃነቅ ነገር ላይ። ቤት ውስጥ ስታነሳ ደግሞ መስኮት ፈልግ…»

«መስኮት! አውቃለሁ።» መፍቻውን ከረጢቱ ውስጥ ወርወር አድርጎ ተነሳ።

«የሚነሳው ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ…» እያለች እስከ በሩ ተከተለችው። እሱ መንገድ ተሻግሮ ነበር።

እንግዲህ ሁለት መልካም ምክር በእጁ ገባ፤ ሁለቱም አንገታቸው ላይ የተቆረጡ።

አውቃለሁ አንድ ታላቅ እህት አለችው። «እታለም» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ አሥራ ስምንት። ትምህርቷን ትታ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠችና በሰው ቀሚስና በሰው ሱሪ አሳደገችው። መኪናዋ በፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። የመንደሩ ሰው ንጋትን የሚያውቀው በመርገጫዋ ድምፅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥርሷን አመማት። ጥርስ መስሏት ብዙ ታገሰች። በመጨረሻ ሐኪሙ ግራ መንጋጋዋ ውስጥ የበቀለ ነገር እንዳለ፣ ከነአጥንቱ መውጣት እንዳለበት ነገራት። «ሕይወትሽ ይተርፋል» አላት፤ «ፊትሽ ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም። ይህን አውቀሽ ግቢ።» ቀጠሮው ለሐሙስ ሆነ።

እሑድ ዕለት ወንድሟ ሊጠይቃት መጣ። ክር በመርፌ ቀዳዳ እያሾለከች ነበር።

«አውቄ፣ ያ ካሜራህ ይሠራል?»

«ይሠራል ወይ? ባለፈው የምትበር ንብ አንስቼ ጢሟን ቆጥሬያለሁ!»

«ንብ ጢም አላት እንዴ?»

«እኔ ያነሳኋት አላት።»

ሳቀች። እታለም ስትስቅ ግራ ጉንጯ ስርጉድ ይላል፤ ቀኙ አይልም፤ ግራው ብቻ። ወዲያው እጇን ወደዚያው ጉንጯ ሰደደችና ሳቋ ቀስ እያለ ከሰመ።

«እንግዲያ እኔንም አንሳኝ። ሐሙስ ከመግባቴ በፊት።»

አውቃለሁ ደነገጠ። ይህች ሴት ፎቶ ስትሸሽ የኖረች ናት። የመታወቂያዋን ፎቶ ያየ ሰው ምን ሰርቃ ተያዘች ብሎ ይጠይቃል።

«ይቺን ጉንጭ ታውቃታለህ» አለችው። «የእማዬ ናት። እማዬ እንዳንተ ያለ ካሜራ ያለው ልጅ አልነበራትም፤ አንድም ፎቶ የላትም። እኔ እሷን ማየት ሲያምረኝ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? መስታወት ፊት እቆምና እስቃለሁ።» ክሩ ከመርፌው አመለጠ። «ሐሙስ ይወስዷታል። አንዲት ቁልጭ ያለች ፎቶ ብቻ ትቅርልኝ።»

«እትዬ ጋ ብንሄድስ?» ሊል አስቦ ነበር፤ ቀደመችው። «ጉርድ ፎቶ ቤት አልሄድም። ባዕድ ፊት ሳቄ አይመጣም፤ የምስቀው ላንተ ነው።»

«አታስቢ እታለም። አውቃለሁ።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። ለራሷ የሰፋችውን ባለኮሌታ ቀሚስ ለብሳለች። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን እንደ ጣውላ ደረቀች። «ሥራሽን ሥሪ፣ ስትሠሪ ነው ሳቅሽ የሚመጣው» አላት። ከዚያ «መስኮት ፈልግ» የተባለው ትዝ አለው። ፈለገ፤ አገኘ። መኪናውን ሁለቱ ገፍተው አዞሩና እታለም ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች። ከበስተኋላዋ የከሰዓት ፀሐይ ቦግ ብሏል።

«አውቄ፣ ብርሃኑ እኮ የሚያየው ጀርባዬን ነው» አለች። «እኔ ክር የማሾልከው ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ቀዳዳዋ አትታየኝም።»

«ስፌት ሌላ፣ ፎቶ ሌላ። አውቃለሁ።»

ቀጥሎ «አሳርፈው» የተባለው ትዝ አለው። ካሜራውን የት ያሳርፈው? ከፊቷ ያለው ጠረጴዛ የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ነው። እዚያው ጫፉ ላይ አስቀመጠው። እታለም መርገጫውን ረገጠች፤ መኪናው ተንደቀደቀ፤ ጠረጴዛው ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ፤ ካሜራውም አብሮ።

«ጠረጴዛው እኮ ይንቀጠቀጣል።»

«ካሜራው ራሱ ያውቃል። አንቺ ሳቂ ብቻ!»

ከዚያ ወሬውን ለቀቀው። የባልዲ ውሃ ጠጥቶ ቧንቧ የሆነ ሰው አወራላት። የተደፈነ ቱቦ ሲከፍት ከውስጡ ከነባርኔጣው የወጣ የቀበሌ ሊቀ መንበር አወራላት። እታለም ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ወደ ፊት ደፍታ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከሁለት ቀን በኋላ ቢላ ሥር የምትገባ ሴት እንዲያ ስትስቅ ያየ የለም። አውቃለሁም የካሜራውን ቁልፍ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጫነ።

ከካሜራው ጀርባ ያለችውን ትንሽ መስታወት አየ። ምስሉ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ጥፍር በሚያህል ምስል ላይ ደግሞ እንኳን መደብዘዝ፣ አፍንጫ ቢጎድልም አይታይም። ፊቷ ትንሽ የጠቆረ መሰለው። «ኮምፒውተር ያነጣዋል» አለ በልቡ። የማጉያ ቁልፏን ሁለቴ ቢጫን ኖሮ ምስሉ ይጎላ ነበር፤ ዓይኗን ያይ ነበር፤ ዓይን እንደሌለም ያይ ነበር። አልተጫነም።

«ጥሩ ወጣ?» አለች እታለም፤ መነጽሯ ከጎኗ የለም። «ነገ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። እንድገመው?»

«ምን በወጣው! እንደ ጨረቃ ነሽ። ይልቅ ረፍት አድርጊ።»

ረቡዕ በዚህ አለፈ። ፀሐዩም፣ መስኮቱም፣ ጉንጩም የነበሩበት አንድ ሙሉ ቀን።

ሐሙስ ገባች። ከሰባት ሰዓት በላይ ቆዩባት። ስትወጣ ፊቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ነበርና አውቃለሁ ያወቃት በእጆቿ ነው። መናገር አትችልም። በሦስተኛው ቀን ወረቀትና እርሳስ በምልክት ጠየቀች። ሐኪሙን የምትጠይቀው መስሎት ነበር። እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ፎቶው ታጠበ?»

«ነገ አመጣዋለሁ» አላት ደረቱን ነፍቶ። «ትልቅ አድርጌ፤ ከነፍሬሙ።»

በነጋታው ካሜራውን ይዞ ወደ ጉርድ ፎቶ አንሺዋ ሄደ። «እትዬ፣ አንዱን ምረጪልኝ፤ ሁሉም አምሮ ተቸግሬያለሁ» አላት። ሴትየዋ ፎቶዎቹን በትልቁ የኮምፒውተር መስታወት ላይ ከፈተቻቸው።

የመጀመሪያው መጣ። ከኋላ ቦግ ያለ መስኮት፣ ከፊት ጥቁር ጥላ። ሁለተኛው መጣ፤ ያው። አሥረኛው፣ ሃምሳኛው፣ መቶኛው። ሴትየዋ ትጫናለች። መጀመሪያ ላይ «ቀጥሎ ያለው ጥሩ ነው» ይል የነበረው ወንድም ከስድሳው በኋላ መስታወቱን በመዳፉ ይጠርግ ጀመር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም አለቁ።

«ኮምፒውተር ያስተካክለዋል አይደል?» አላት።

«ልሞክር።» ከሁሉም የሻለውን መርጣ ጥላውን አነጣችው። ከጥቁሩ ውስጥ አመድ የመሰለ፣ አሸዋ የተበተነበት ፊት ብቅ አለ። ጠርዙ ሁሉ ድርብ ነው። ሦስት ከንፈር እርስ በርሱ ተደራርቧል። ጉንጩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ሳቅ አለ፤ ማን እንደሳቀ ግን አይታይም።

«የጠቆረውን ማንጣት ይሞከራል» አለች ቀስ ብላ። «የተንቀጠቀጠውን ግን ማንም አይመልሰውም። ካሜራው ያላየውን ከየት ላምጣልህ? ምን ላይ አሳርፈኸው ነው?»

«የስፌት መኪናዋ ላይ።»

«እየሠራች?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እንደ ማጽናናት ብላ፣ «ግድ የለም፤ ሌላ ቀን ያነሳሃትስ የለም?» አለችው።

«እንድገመው ብላኝ ነበር» አለ። ይህን ብሎ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ጀመረ። ውሸት በየእርምጃው እየተሯሯጠ መጣለት፤ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ። ካሜራው ተሰረቀ ልበላት? ውሃ ገባበት? መብረቅ መታው? ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስቱንም በአንድ ቀን ያደርሳቸው ነበር። በሩን ሲከፍት ፋሻው ተነስቷል። ግራ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከጆሮዋ እስከ አገጯ የተሰፋ መስመር ይወርዳል። እሷ ራሷ ከሰፋችው ሁሉ የከፋ ስፌት። ውሸቶቹ በሩ ላይ ተመለሱ።

«እታለም፣ አበላሽቼዋለሁ።»

አየችው። መናገር ጀምራለች፤ ቃሉ ግን አፏ ውስጥ እየተደናቀፈ ነው የሚወጣው።

«አንድም?»

«አንድም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ዕቃ ብትወረውርበት፣ ብትጮኽበት። እሷ ግን ግድግዳውን እያየች፣ የጉብኝት ሰዓት አበቃ እስኪባል ቆየች። ሊወጣ ሲል፣

«ነግሬህ ነበር» አለች። «ብርሃኑንም፣ ጠረጴዛውንም። ሳትሰማኝ ስትቀር ‹ልማዱ ነው› ብዬ ዝም አልኩህ። ልጅ ሆነህም እንዲሁ እየሳቅሁ ነው ያሳደግሁህ። እኔም አጥፍቻለሁ።»

ይህ «እኔም» ነው ልቡን የሰነጠቀው።

በነጋታው ጉርድ ፎቶ አንሺዋ ሱቋን ስትከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«አስተምሪኝ።»

«የቱን?»

«ሁሉንም። አንዱንም አላውቅም።»

እሷም በገዛ ሙያው ጀመረችለት። «ፎቶ ማለት ባልዲ ነው በል» አለችው። «ብርሃኑ ውሃ ነው። ባልዲው ከጎደለ ፎቶው ይጠቁራል፤ ከፈሰሰ ይነጣል። ቧንቧው ጠባብ ከሆነ ለመሙላት ረዥም ጊዜ መክፈት አለብህ። ካሜራም ብርሃን ሲያጥረው ዓይኑን ረዥም ጊዜ ይከፍታል፤ ዓይኑ ተከፍቶ ሳለ የተነቃነቀ ሁሉ ይጎተታል። አንተ ብትነቃነቅ ሁሉም ይጎተታል፤ የሚነሳው ቢነቃነቅ እሱ ብቻ። ስለዚህ ሰው ስታነሳ ቶሎ እንዲዘጋ አድርገው። ቶሎ ሲዘጋ ከጠቆረብህ ሰውየውን ወደ ብርሃን አቅርበው፤ ካልበቃም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ጨምርለት። ትንሽ አሸዋ ይነሰነስበታል፤ ይነስነስበት! አሸዋ ያለበት ፊት ከሌለ ፊት ይሻላል።»

«መስኮቱስ?» አለ። አውቃለሁ ጥያቄ ጠየቀ! በሰፈሩ ይህ ወሬ ከመንገድ ወዲህና ወዲያ ተሻገረ።

«መስኮት ከጀርባ ሲሆን ካሜራው በመስኮቱ ድምቀት ተታሎ ‹ብርሃን በዝቷል› ይልና ይቀንሳል፤ ፊት ይጠቁራል። ፊትን ወደ መስኮት አዙር። መዞር ካልተቻለ የብርሃኑን ልክ ከፊቱ ላይ ውሰድ እንጂ ከመስኮቱ አትውሰድ። የመጨረሻውን ስማ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ ምስሉን አጉልተህ ዓይኑን እይ። ዓይኑ ካልጠራ ድገመው።»

መመሪያውን ከአልጋው እግር ሥር አወጣው። በየሳምንቱ እሑድ መጣ፤ ከንፈሩን ነክሶ፣ እስከ መጨረሻው ቃል ሰማ። ዛሬ በሰርግ ቤት፣ በምርቃት አዳራሽ፣ አንድ ሰው አዛውንት አባቱን በር ላይ አቁሞ ቸኩሎ ሲያነሳ ካየ የያዘውን ሥራ ጥሎ ይሮጣል። «አጉልተህ እይ! አባትህ ሳይቀመጡ እይ!» ይላል። ያበደ የሚመስላቸው አሉ። ምን ያድርግ! ሰው ያለ ካሜራ ይኖር የለም ወይ ትሉ ይሆናል፤ ይኖራል። ግን ነገሩ የካሜራ ብቻ አይደለም፣ ወገኖች። የሐኪም ትእዛዝም፣ የመድኃኒት አወሳሰድም፣ የኤሌክትሪክ ገመድም በግማሽ ጆሮ ሲሰማ ያው ነው። የምክር ግማሽ ከምክር ማጣት ይከፋል፤ ያጣ ሰው ይጠይቃል፤ ግማሽ ያገኘ ሰው ይሮጣል። በቤታችሁ «አውቃለሁ» ባይ ካለ ደግሞ አትሳቁለት፤ እጁን ይዛችሁ ዓረፍተ ነገሩን አስጨርሱት።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ስድስት ወር አለፈ። እታለም በዚያ ሁሉ ጊዜ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ ትሠራ ነበር፤ ስለ ፎቶ አንድም ቀን አላነሳችም። አንድ ጠዋት ሰው ልካ አስጠራችው።

«ካሜራህን ይዘህ ና።»

ሲደርስ ሻሿን አውልቃለች። መርገጫውን አቁማለች። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

«የት ልቁም?» አላት።

«ከመስኮቱ ጎን። ብርሃኑን አትከልክለኝ።»

ካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቆመ። ጣቱ እንዳያነቃንቀው ሁለት ሰከንድ ቆይቶ እንዲያነሳ አደረገው። ወሬ አላወራም፤ እሷም አልሳቀችም። አነሳ፤ አጎላ፤ ዓይኗን አየ፤ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አሁንም አነሳ። ከዚያ መነጽሯን አቀብሎ አሳያት።

እታለም ካሜራውን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ጠባሳው፣ የገባው ጉንጭ፣ የተጣመመው የከንፈር ጫፍ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሏል። ጣቷን በምስሉ ላይ ከጆሮ እስከ አገጭ በስሱ አስኬደችው።

«ጎበዝ። በደንብ አንስተሃል» አለች።

«ላሳጥበው?»

«ቆይ።» ካሜራውን መለሰችለትና ወንበሯን ወደ መኪናው አዞረች። «ፎቶው ውስጥ ካለችው ሴት ጋር ገና አልተዋወቅንም። እስክንላመድ ድረስ አንተ ጋ ትቀመጥ።»